መሣሪያው ከመመዝገቡ በፊት መዝጋቢው ይታመን!

(በሀዋሳ ከተማ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር። ለጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ አጥሯል፤ አነጋገሩ ግን እንዳለ ነው።)



የዛሬው ርዕሳችን ጠመንጃ ነው። ገና ስሙ ሲጠራ አንዳንዱ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ በሩን ይመለከታል። አይፈረድበትም! በአገራችን ስለ ጠመንጃ በአደባባይ የሚናገረው ወይ ባለሥልጣን ነው ወይ ሸፈተ የተባለ ሰው ነው። ከሁለቱ መሀል ያለው ተራ ሰው፣ መሣሪያውን ቆጥ ላይ ሰቅሎ ወይም ከአልጋው ሥር አስቀምጦ የሚኖረው ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ጡረተኛ፣ "መጥታችሁ አስመዝግቡ" የሚለውን ማስታወቂያ በሬዲዮ ሲሰማ ምን ያስባል? ለመሆኑ ማን ጠይቆት ያውቃል? እኛ ዛሬ እንጠይቅለት።

በቅድሚያ ሕጉን እንየው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አጽድቋል። ከዚያ በፊት ጉዳዩ እዚህም እዚያም የተበታተነ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በሕገወጥ መንገድ መሣሪያ የሚያዘዋውረውን ይቀጣል፤ ማን፣ በምን ሁኔታ፣ ከማን ፈቃድ አግኝቶ ይያዝ የሚለውን ግን አንድ ላይ አሟልቶ የሚናገር ሕግ አልነበረም። አዋጁ ይህን ክፍተት ለመዝጋት የወጣ ነው። ባጭሩ የሚለው፦ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚቆጣጠረውም ፖሊስ ነው፣ በበላይነት የፌዴራል ፖሊስ፤ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነበት አካባቢ ቀድሞ በእጁ የነበረ ሰው ደግሞ አቅርቦ እንዲያስመዘግብ የሽግግር ጊዜ ይሰጠዋል።

ሥልጣኑስ ከየት መጣ? ከሕገ መንግሥቱ። አንቀጽ 51 መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1791 መሣሪያ የመያዝ መብት ብለው በሕገ መንግሥታቸው ላይ ጨምረዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። እናም "አዋጁ ከመሠረቱ ሕገወጥ ነው" እያሉ መሟገት የትም አያደርስም።

ታዲያ የእኛ አገር ባለመሣሪያ "አላስመዘግብም" የሚለው በምን አንቀጽ ተማምኖ ነው? በምንም አንቀጽ! የሚተማመነው በትዝታው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ይህ ሰው እባቡን አይቷል። አባቱም አይቷል፣ አያቱም አይቷል። ትዝታውን ሳንሰማ "ኋላቀር፣ ሕግ የማያውቅ" እያልን ብንሰድበው ጠመንጃው ከቆጡ አይወርድም። ጭራሽ ወደ ጉድጓድ ይገባል እንጂ!

ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው ጠባሳ

በሰሜኑ ገጠር ጠመንጃ ለገበሬው ከጥማድ በሬው እኩል ጥሪት ነው። ስሙን እንደ ልጁ ስም ይጠራዋል። አልቤን፣ ምንሽር፣ ዲሞትፈር፣ ቤልጅግ፣ ዛሬ ደግሞ ክላሽ። በሰርግ ይተኮሳል፣ በለቅሶ ይተኮሳል፣ ከአባት ለልጅ ይወረሳል። የዐድዋ ጦር በ1888 ዓ.ም. ሲዘምት ስንቁንም መሣሪያውንም ከቤቱ ይዞ የወጣው ሰው ብዙ ነበር። ጣሊያን ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ኃያላኑ መንግሥታት በእኛም በጣሊያንም ላይ የመሣሪያ ዕገዳ ጣልን አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ ምን ነበረን? ጠመንጃ ከእጅ ከወጣ አገርም አብሮ ይወጣል የሚለው እምነት የተተከለው ያኔ ነው።

ወደ ደቡቡ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። እዚህ ሲዳማ ምድር በ1880ዎቹ ዓ.ም. ጠመንጃ የመጣው በወራሪ ጦር ትከሻ ላይ ነው። "ነፍጠኛ" የሚለው ቃል ራሱ ከነፍጥ የመጣ አይደለምን? ነፍጥ ያለው ጌታ ሆነ፣ ነፍጥ የሌለው ገባር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ የዚህ አካባቢ ገበሬ የጠመንጃን ትርጉም የተማረው ከአፈ ሙዙ በኩል ሆኖ ነው።

ግን ደግሞ የዚሁ ምድር ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ይርጋለምን የመሠረቱት የሲዳሞ ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ማይጨው ከተፈታ በኋላም በደቡብ ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው በጣሊያን ተገደሉ። ያ ጦር ጠመንጃውን አስረክቦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ ባልተገኘ ነበር።

እንግዲህ አንድ አዋጅ ነው፣ ትዝታው ግን ሁለት ነው። አንዱ "ክብሬን ልትወስዱ ነው" ይላል። ሌላው "ትናንት በእኔ ላይ የተደገነውን አሁን ለራሴ ባገኘው አስረክብ ትሉኛላችሁ" ይላል። መነሻቸው ተቃራኒ ሲሆን መድረሻቸው አንድ ሆነ፤ ሁለቱም አላስመዘግብም አሉ። ሕግ አውጪው ይህን አስቦበታል? አይመስለኝም።

መዝገብ ከመዝጋቢው በላይ ይኖራል

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት እንምጣ። ባለመሣሪያው ጠመንጃው በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን አያስፈራውም። የሚፈራው ወረቀቱ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ነው።

ፋሽስት ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ሕዝቡን መሣሪያ ማስፈታት ነበር። ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲያደርግ ምክንያቱ መሣሪያ ፍለጋ ነበር፤ በዚያ ስም የተጋዘውንና የተገደለውን ሰው በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችሁ ይንገሯችሁ። ቀበሌው በአንድ እጁ ለአብዮት ጥበቃው ጠመንጃ ያድላል፣ በሌላ እጁ ከጎረቤቱ ጠመንጃ ይለቅማል። ማን ይቀማል፣ ማን ይታደላል የሚለውን የሚወስነው ሕግ ነበር? የለም! ታማኝነት ነበር።

"ይህ የጥንት ታሪክ ነው" የሚል ይኖራል። እሺ፣ የቅርቡን ላምጣ።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሀል አገር ሲገፋ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ጠራ። ልብ በሉ፣ ሁለት ቀን! የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ደግሞ ዕድሜው ለውትድርና የደረሰና መሣሪያ ያለውን ሰው ሥልጠና ወስዶ እንዲዘምት የማዘዝ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ለጸጥታ ተብሎ የተመዘገበ ሰው በአንድ ሌሊት የዘማች ስም ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። አገር በጭንቅ ላይ ነበረች፤ ጭንቁን አልክድም። ነገር ግን መዝገብ ዛሬ ለአንድ ዓላማ ተከፍቶ ነገ ለሌላ ሊውል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

በአማራ ክልል የሆነውንም ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ሌሊት በጎንደር ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ የሄደው ኃይል የገጠመው ተኩስ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ አካባቢ "መሣሪያ አስመዝግብ" እና "እጅ ስጥ" የሚሉት ቃላት በብዙ ሰው ጆሮ አንድ ሆነው ቀሩ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ አደራጃለሁ አለ። ሕዝቡ "ትጥቅ ሊያስፈቱን ነው" ብሎ ሰልፍ ወጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ጦርነት ሆነ። መንግሥት "ማደራጀት" ሲል ሕዝቡ "መፍታት" ብሎ የሚሰማ ከሆነ ችግሩ የጆሮ አይደለም። መሀል ላይ መተማመን የሚባለው ነገር ሞቷል።

የጠረፉ ሰው ምን ይላል?

ከከተማ ወጥተን ወደ ጠረፍ እንሂድ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል ከ200 በላይ ሰው ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናት አፍነው፣ ከ2,000 በላይ ከብት ነድተው ሄዱ። የዚያን ቀን መንግሥት ከቦታው አልነበረም፤ ጦሩ የተከተላቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ለዚያ አርብቶ አደር "መሣሪያህን አምጣና ልመዝግብ" ስትለው "እሺ፣ ሌሊቱን ማን ይጠብቅልኛል?" ቢል ምን መልስ አለን?

ኡጋንዳ ይህን ፈተና ቀድማ ተፈትናለች። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ በካራሞጃ አርብቶ አደሮችን መሣሪያ ማስረከብ ስትጀምር፣ ቀድሞ ያስረከበው ጎሣ ባላስረከበው ጎረቤቱ ተዘረፈ። ቀድሞ ሕግ ያከበረ ቀድሞ ተጎዳ። በዚያ አካባቢ ሁለተኛ "አስረክቡ" ቢባል ማን ይሰማል? ሕግን በአንድ ወገን ብቻ ማስከበር ሕግ አክባሪውን ለወንበዴ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሆኖም…

ወገኖቼ፣ እስካሁን ያጨበጨባችሁ አሁን ትንሽ ታገሡኝ። የባለመሣሪያውን ብሶት ተናግሬ ብቀመጥ ግማሽ እውነት ተናግሬ መቀመጤ ነው።

በሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ቤት አይቀርም፤ ይወርዳል። የአባት ሽጉጥ ከትራስ ሥር ሲገኝ ለሕፃን መጫወቻ ነው። በወሰን ድንበር የተጀመረ ጠብ ዱላ ቢኖር በፈነከተ ያበቃ ነበር፤ ክላሽ ስላለ ደም ይሆናል፣ ደሙ ደግሞ ደም መላሽ ይወልዳል፣ ሦስት ትውልድ ይሄዳል። ሽማግሌ የሚያስታርቀው በሕይወት ያለውን ነው እንጂ የሞተውን አያስነሳም።

እገታውስ? በሰኔ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ባለመሣሪያው እዚህ ላይ ፈጠን ብሎ "አጋች መቼ ያስመዘግባል? ምዝገባው የሚይዘው ጨዋውን ብቻ ነው!" ይላል። ልክ ነው። ነገር ግን የአጋቹ ክላሽ ከሰማይ አልወረደም። ከአንድ ሰው እጅ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ፣ ከአንድ ቤት የተሰረቀ፣ ወይም ከአንድ መጋዘን የወጣ ነው። ቁጥሩ የትም ስላልተጻፈ ከማን እጅ እንደወጣ መከተል አይቻልም። ያልተመዘገበው የጨዋ ሰው ጠመንጃ ለአጋቹ ጠመንጃ ጫካ ይሆነዋል፤ በእሱ ውስጥ ይደበቃል።

ሌላም አለ። መሣሪያውን ያላስመዘገበ ሰው "ነፃ ነኝ" ብሎ ያስባል። እስቲ እንመርምረው። ጠመንጃው ቢሰረቅ ጮሆ ማመልከት አይችልም፤ "ከየት አመጣኸው?" ይባላል። በእሱ መሣሪያ ሰው ቢገደል ተጠያቂው እሱ እንዳይሆን የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የመንደሩ ካድሬ ነው። ካድሬው ሁሉን ያውቃል! ሰውየው በስብሰባ ላይ ዝም ሲል ዝም ይለዋል፤ የተናገረ ቀን ግን "መሣሪያ አለህ አሉ" ብሎ ሌሊት በሩን ያንኳኳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው ቤት በዘፈቀደ እንዳይፈተሽ ይከለክላል። ያልተመዘገበ መሣሪያ ያለበት ቤት ግን ለካድሬው ሁልጊዜ በሩ ክፍት ነው። ይህ ነፃነት ነው? ይህ ባለዕዳነት ነው።

የመንግሥትስ ጥይት?

እዚህ ሀዋሳ ላይ ቆሞ ስለ ጠመንጃ የሚናገር ሰው ሎቄን ሳይጠቅስ ቢወርድ ነውር ነው። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማዋን አስተዳደር በተመለከተ ተቃውሞ ለማሰማት ባዶ እጃቸውን ሰልፍ የወጡ የሲዳማ ተወላጆች በመንግሥት ኃይሎች ተኩስ ረገፉ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄው ጊዜ ሲደርስም በከተማችንና በአካባቢዋ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ በዚያን ጊዜ በሰውም በንብረትም ላይ የደረሰው ግፍ ሁሉንም ወገን ያሳፍራል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የሎቄው ሰልፈኛ መሣሪያ አልነበረውም፤ አለመያዙም አላዳነው። በጠመንጃ ቢወጣ ኖሮ ደግሞ ሬሳው በዝቶ በተቆጠረ ነበር። የሲዳማ ጥያቄ በመጨረሻ የተመለሰው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ፣ በድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። ወረቀት ጠመንጃን የሚበልጥበት ቀን አለ ማለት ነው። ያ ቀን የሚመጣው ግን ወረቀቱን የሚያከብር መንግሥት ሲኖር ነው።

ስለዚህ እጠይቃለሁ፤ የገበሬው አንዲት ምንሽር ትቆጠር ከተባለ፣ የታዛዡ ጥይትም ይቆጠር። በየትኛው ሰልፍ ላይ፣ በማን ትእዛዝ፣ ስንት ጥይት ተተኮሰ? የትኛው የቀበሌ ሚሊሻ ምን ዓይነት መሣሪያ ወሰደ፣ መለሰ ወይስ ሸጠው? መዝጋቢው ራሱ ካልተመዘገበ ምዝገባው አንድ ዓይናማ ነው።

ከሌላው ዓለም

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 በፖርት አርተር አንድ ሰው 35 ሰዎች ከገደለ በኋላ ሕጓን አጠበቀች። እንደ እኛ ፌዴሬሽን ናት፤ ክልሎቹ ሁሉ በአንድ ስምምነት ገቡ። በአዲሱ ሕግ የተከለከለውን መሣሪያ መንግሥት ዋጋ ከፍሎ ገዛው፣ ወደ 650 ሺህ የሚሆን ጠመንጃ ተሰበሰበ። ባለመሣሪያው እዚያም ተቃውሟል፣ ሰልፍ ወጥቷል። ነገር ግን ገንዘቡን ተቀበለ፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆኑን አየ፣ የተሰበሰበው ሲደቅቅ ተመለከተ። አሜሪካ ደግሞ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት አገር አቀፍ የባለመሣሪያ መዝገብ እንዳያቋቁም ከለከለች። ሁለቱ አገሮች በተቃራኒ መንገድ ቢሄዱም አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ መዝገቡ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በሕግ ጽፈው አስረዋል። የእኛ ጉድለት እዚህ ላይ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ያስመዘገበ ሰው የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ እዚያው በእጁ ይሰጠው። "ነገ ናና ውሰድ" የሚባል ነገር አይኑር። ነገ የት አለና!

ሁለተኛ፣ መዝገቡን ማን እንደሚያይ በሕግ ይወሰን። ለወንጀል ምርመራ ከሆነ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይታይ። ለፓርቲ፣ ለምልመላ፣ ለዘመቻ አይውል። ያለ ትእዛዝ የገለጠው ሹም ራሱ ይከሰስ።

ሦስተኛ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በአንድ ቀን ይመዝገብ። አንዱን ወረዳ አስመዝግቦ ሌላውን መተው የካራሞጃን ስህተት መድገም ነው። የሚሊሻውም፣ የባለሥልጣኑ አጃቢም መሣሪያ በዚያው ቀን ይቆጠር፤ ጠቅላላ ቁጥሩም ለሕዝብ ይነገር።

አራተኛ፣ ፈቃድ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፣ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይበል። መሣሪያው የሚወሰድ ከሆነም ካሳ ይከፈለው። ጥሪት ነው ብለናል፤ በሬ ያለ ዋጋ አይወሰድም።

አምስተኛ፣ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ምክክር ይቅደም። ለዚህ ከውጭ ሊቅ ማስመጣት አያስፈልገንም። የሲዳማ አባቶች በሶንጎ ተቀምጠው "አፊኒ" ይላሉ፤ "ሰምታችኋል ወይ?" ማለት ነው። ያልተሰማ ነገር አይወሰንም፣ ያልተወያየ ሰው አይገደድም። አዋጁ በየመንደሩ "አፊኒ?" ተብሎ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ቅሬታ ገና በሜዳው በቀለለ! እኛ አገር ግን ሕግ ከላይ ይወርዳል፣ ሕዝቡ የሚሰማው ቅጣቱ ሲደርስ ነው።

ለባለመሣሪያውም አንድ ቃል አለኝ። እነዚህ ዋስትናዎች የተሰጡህ ቀን ምክንያትህ ያልቃል። ያን ቀን ይዘህ ቅረብ። እስከዚያው ድረስ ደግሞ በሰርግ አትተኩስ፣ ልጅ ከሚደርስበት አታስቀምጥ፣ ለማታውቀው ሰው አትሽጥ። ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግህም።

ለመንግሥትም እንዲሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚል ተረት ይዞ ያደገ ሕዝብ ነው የምታስተዳድሩት። ጥርጣሬውን በፍተሻ ልታወጡለት አትችሉም። አሰሳው በበዛ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ በጉድጓድ ያለ መሣሪያ ደግሞ የሚወጣው ለሰርግ አይደለም። ገበሬው ከቆጡ አውርዶ በገዛ እጁ ይዞ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ፣ ይዞት እንደሚመለስ እንዲያምን አድርጉት።